ሳሊፍ ኬይታን በሙሉ ሕይወቱ ንገሩን፦ ለአማርኛ የስፖርት ጋዜጠኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ መገናኛ ለምትሠሩ የአማርኛ የስፖርት ጋዜጠኞችና ፕሮግራም አዘጋጆች በሙሉ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰለሞን ተሰማና ደምሴ ዳምጤ ኳስን በድምፃቸው ሲስሉልን እየሰማሁ ያደግሁ፣ ዛሬም የእናንተን ፕሮግራም ሳልሰማ የማልውል አድማጭ ነኝ። ስለ እግር ኳስ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ከሙያችሁ ያገኘሁት በመሆኑ፣ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ለሥራችሁ ካለኝ አክብሮት የመነጨ እንደሆነ እንድትረዱልኝ እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትም ዓ.ም. ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነሐሴ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተሳፍሬ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ የስፖርት ዜና ይሰማል። ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው የአንድ ጣቢያ ዜና አንባቢ የቅዳሜውን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውጤት አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ፣ በመጨረሻ ላይ የማሊው ሳሊፍ ኬይታ በ76 ዓመቱ ማረፉን ተናገረ። ዜናው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አላለፈም። ሟቹን «ታዋቂ ድምፃዊና የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋች» አለው፤ ወዲያውም የድምፃዊው ሳሊፍ ኬይታ ዘፈን ተለቀቀ። ድምፃዊው ግን ከእግር ኳሰኛው ጋር ስምና አገር ብቻ የሚጋራ፣ ያን ዕለትም በሕይወት የነበረ ሌላ ሰው ነው። ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ወጣቶች አንዱ፣ የአርሴናል ማሊያ የለበሰው፣ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ማን ነው የሞተው?» አለው። «ዘፋኝ ነው መሰለኝ» ብሎ መለሰለት። እኔ ልናገር ስል ሰፈሬ ደረሰና «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድሁ። ያን ዕለት ለእነዚያ ልጆች ሳልነግራቸው የቀረሁትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው።

ሳሊፍ ኬይታ በዲሴምበር 1946 በባማኮ ተወለደ። ማሊ ከፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ነፃ የወጣችው በ1960 ስለሆነ፣ ልጅነቱ በቅኝ ግዛት፣ ጉርምስናው ደግሞ በነፃ አገር ያለፈ ሰው ነው። የአገሩ ሰዎች «ዶሚንጎ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ገና በ16 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ። በ1966 ክለቡ ሪያል ባማኮ ለአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሜዳው 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ በአቢጃን 4 ለ 1 ተሸንፎ ዋንጫው በአንድ ጎል ልዩነት አመለጠው፤ በዚያ ውድድር ኬይታ ብቻውን 14 ጎል አስቆጥሯል። በባማኮ ይኖር የነበረ፣ የፈረንሳዩ ክለብ የሴንት ኤቲየን ደጋፊ የሆነ አንድ ሊባኖሳዊ ልጁን አይቶ ዝም ማለት ስላልቻለ፣ ስለ እሱ ለክለቡ ኃላፊዎች ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። በዚያን ጊዜ እዚያ ድረስ የሚመጣ መልማይም ሆነ የቪዲዮ ማስረጃ ስላልነበረ፣ የአንድ አፍሪካዊ ተጫዋች ዕድል የተከፈተው አንድ ደጋፊ በጻፈው ደብዳቤ ነው። ኬይታ ከአገሩ የወጣው ግን በድብቅ ነበር፤ አዲሲቱ ነፃ አገር ምርጥ ልጇን በፈቃዷ አሳልፋ ለመስጠት ዝግጁ አልነበረችም።

በሴፕቴምበር 1967 ፓሪስ ሲደርስ የክለቡ ሰዎች የጠበቁት በለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ እሱ ያረፈው ግን በኦርሊ ነው። ማንም አልተቀበለውም። የ20 ዓመቱ ወጣት ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ ታክሲ ያዘና ሴንት ኤቲየን ውሰደኝ አለ። ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ድሬዳዋ በታክሲ እንደመሄድ ማለት ነው። ሒሳቡን የከፈለው ክለቡ ነበር። ይህ ታሪክ በፈረንሳይ እስከ ዛሬ በፈገግታ ይወራል። እኔ ግን ባሰብሁት ቁጥር የሚታየኝ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ሰው መኪና፣ የመቁጠሪያው ዋጋ ከኪሎ ሜትር ወደ ኪሎ ሜትር ሲጨምር እያየ፣ ከወዲያ ጫፍ የሚከፍልለት ሰው ይኑር አይኑር በእርግጠኝነት ሳያውቅ የተጓዘው ልጅ ነው። ዛሬ አንድ አፍሪካዊ ተጫዋች ወደ አውሮፓ ሲዛወር ወኪል፣ ጠበቃና ፎቶ አንሺ ከፊትና ከኋላ ሆነው ይሸኙታል። ያ ጥርጊያ መንገድ ገና ሳይወጣለት በፊት የተጓዘውን ሰው ስትተርኩልን ይህችን ታክሲ አትርሷት።

ሴንት ኤቲየን ያኔ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ነበረች፤ «አረንጓዴ ለባሾቹ» የሚባለው የክለቡም ቤት ናት። አሠልጣኙ አልቤር ባቱ፣ ፕሬዚዳንቱ ሮጄ ሮሼ፣ ከፊት መስመር አጋሮቹ አንዱ ኤርቬ ሬቬሊ ነበሩ። አንድ ሌላ ሰውም እዚያ ጠበቀው። አልጄሪያዊው ራሺድ መኽሉፊ በ1958፣ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን በዓለም ዋንጫ ለመሰለፍ ሲጠበቅ፣ ክለቡንም ዝናውንም ጥሎ በመውጣት ለነፃነት የሚታገለውን የአልጄሪያ ነፃነት ግንባር የእግር ኳስ ቡድን የተቀላቀለ ተጫዋች ነው። ከነፃነት በኋላ ወደ ሴንት ኤቲየን ተመልሶ ነበርና የኬይታ የመጀመሪያ ዓመት የመኽሉፊ የመጨረሻ ዓመት ሆነ። በ1968 ክለቡ ሊጉንም የፈረንሳይ ዋንጫንም ሲወስድ፣ በፍጻሜው ቦርዶን 2 ለ 1 ያሸነፉባቸውን ሁለቱንም ጎሎች ያገባው መኽሉፊ ነበር። አንዱ ለአገሩ ነፃነት ሲል አውሮፓን ጥሎ የወጣ፣ ሌላው ነፃ ከወጣች አገር ተነስቶ አውሮፓ የገባ፤ ሁለቱ አፍሪካውያን በአንድ ማሊያ፣ በአንድ መልበሻ ክፍል ለአንድ ዓመት ተገናኙ። እንዲህ ያለውን ታሪክ ለምን የአንድ ሰዓት ዝግጅት እንደማታደርጉት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ክለቡ የ1968፣ የ1969 እና የ1970ን የሊግ ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደ፤ በ1970ም የፈረንሳይ ዋንጫን ደገመ። በ1969 በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ባየርን ሙኒክ በሜዳው 2 ለ 0 ካሸነፋቸው በኋላ በመልሱ ጨዋታ 3 ለ 0 አሸንፈው ሲያልፉ፣ ሁለቱን ጎሎች ሬቬሊ፣ ሦስተኛውንና የማለፊያዋን ኬይታ አስቆጠረ። ይህ ቡድን በግቡ ላይ ሴፕ ማየር፣ በሜዳው ላይ ቤከንባወርና ጌርድ ሙለር የነበሩበት ባየርን መሆኑን አድማጮቻችሁ ቢያውቁት መልካም ነው። የሴንት ኤቲየን ዓርማ ላይ ጥቁር ግሥላ የገባውም በኬይታ ምክንያት ነው። በሴንት ኤቲየን ቆይታው በ149 የሊግ ጨዋታዎች 125 ጎል አስቆጥሯል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ግን በአንዱ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። በ1970/71 የውድድር ዘመን ኬይታ በፈረንሳይ ሊግ 42 ጎል አስቆጠረ። ኮከብ ግብ አስቆጣሪ ግን አልሆነም፤ የማርሴዩ ዩጎዝላቪያዊ ዮሲፕ ስኮብላር በዚያው ዓመት 44 አስቆጥሮ እስከ ዛሬ ያልተሰበረውን ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ወጣቱ አድማጫችሁ «ታዲያ በዚያ ዓመት በባሎን ዶር ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ መወዳደር አይችልም ነበር የሚል ነው። ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው ይህ ሽልማት የአውሮፓ አገር ዜግነት ላላቸው ብቻ የተወሰነ ነበርና ኬይታ ኳሱን የቱንም ያህል ቢጫወት ስሙ ከዝርዝሩ አይገባም። ደንቡ የተለወጠው በ1995 ነው፤ በዚያው ዓመት ላይቤሪያዊው ጆርጅ ዊሃ አሸነፈ። በ1965 ያሸነፈው የሞዛምቢኩ ልጅ ዩሴቢዮም የተወዳደረው በፖርቱጋላዊነቱ ነው። እናንተ «ባሎን ዶርን ያሸነፈ ብቸኛው የአፍሪካ አገር ተጫዋች ዊሃ ነው» ስትሉ እውነት ትናገራላችሁ። በሩ ስንት ዓመት ተዘግቶ እንደቆየ ካልተነገረው ግን አድማጩ ከዊሃ በፊት የሚበቃ ሰው አልነበረም ብሎ እንዲያስብ ይገደዳል። ለዚህም ነው ይህን ግማሹን ሳትነግሩ እንዳታልፉ የምለምነው።

ያው ባሎን ዶርን የሚሰጠው ፍራንስ ፉትቦል መጽሔት በ1970 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ሽልማትን ጀመረ፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ሳሊፍ ኬይታ ሆነ። ሁለተኛ የወጣው የኮትዲቯሩ ሎራን ፖኩ ነበር። ፖኩን የእኛ አባቶች በደንብ ያውቁታል፤ በዚያው ዓመት በሱዳን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ 6 ለ 1 ስትሸነፍ አምስቱን ጎሎች ያገባው እሱ ነውና። ያን ሽንፈት የሚያስታውስ ሽማግሌ ባገኛችሁ ጊዜ፣ ያንን አጥቂ በልጦ የተመረጠው ሰው ማን እንደሆነ ብትነግሩት የኬይታ ቁመት ወዲያው ይገባዋል።

በ1972 ኬይታ ከክለቡ ጋር በውል ምክንያት ተጣልቶ ወደ ማርሴይ ተዛወረ። በእኔ ግምት በሕይወቱ ትልቁ ጨዋታ የተካሄደው እዚያ ነው፤ ጨዋታው ግን በሜዳ ላይ አልነበረም። የፈረንሳይ ክለቦች ማሰለፍ የሚችሉት ሁለት የውጭ ዜጎችን ብቻ ነበር። ማርሴይ ስኮብላርና ስዊድናዊው ሮጀር ማግኑሰን ስለነበሩት ኬይታ ሦስተኛ ሆነ። ክለቡ ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ የፈረንሳይ ዜግነት ይውሰድና ችግሩ ይፈታ አሉት። እምቢ አለ።

ይህን እምቢታ በጊዜው ሚዛን እንድትመዝኑልኝ እጠይቃለሁ። ከእሱ በፊት ከሞሮኮ ላርቢ ቤን ባሬክ ለፈረንሳይ፣ ከሞዛምቢክ ዩሴቢዮ ለፖርቱጋል ተጫውተዋል፤ አገሮቻቸው ቅኝ ግዛት ስለነበሩ ሌላ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ኬይታ ግን ምርጫ ነበረው። አገሩ ነፃ ከወጣች ገና 12 እና 13 ዓመቷ ነው፤ የያዘውም ፓስፖርት ከእሷ ያላረጀ ነው። ዜግነት መቀየር እግሩን ከሊጉ አውጥቶ ሌላ አገር ከመሄድ ያድነው ነበር፤ ገንዘብም ዝናም ያስገኝለት ነበር። እሱ ግን ማሊያዊ ሆኖ መቆየትን መርጦ በ1973 ከፈረንሳይ ወጣ። እኔ ዛሬ ለሁለተኛ አገሩ የሚጫወትን ማንንም ልጅ አልነቅፍም፤ የየሰው ኑሮና ቤተሰብ ይለያያል። ያ ውሳኔ ግን ዋጋ የተከፈለበት ውሳኔ እንደነበር ሊነገር ይገባዋል።

ቀጥሎ የሄደው ወደ ስፔኑ ቫሌንሲያ ነበር። አንድ የከተማው ጋዜጣ የተቀበለው ክለቡ ጀርመናዊ ተጫዋች ሊገዛ ሄዶ ጥቁር ይዞ ተመለሰ በሚል ይዘት ባለው ርዕስ ነው። የአፍሪካ ኮከብ የተባለ፣ በአንድ ዓመት 42 ጎል ያገባ ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ ጋዜጣው ያየው ቀለሙን ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት እዚያው ተጫወተ። ከዚያም ለስፖርቲንግ ሊዝበን ተሰልፎ በ1978 የፖርቱጋል ዋንጫን አነሳ፤ በመጨረሻም በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ለኒው ኢንግላንድ ቲ ሜን ተጫውቶ በ1980 ጫማውን ሰቀለ። ዛሬ በስታዲየሞች ውስጥ በጥቁር ተጫዋቾች ላይ የሚሰነዘረውን ዘረኛ ስድብ ስትዘግቡ፣ ነገሩ በማኅበራዊ መገናኛ ዘመን የተወለደ እንዳይመስል ይህን የጋዜጣ ርዕስ ብትጠቅሱ ለአድማጩ ብዙ ያስረዳል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያም እጅ አለበትና። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1965 ጀምሮ እስከ 1982 ድረስ ማንኛውም ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ ይከለክል ነበር። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስካረፉበት እስከ 1987 ድረስ ሲመሩ፣ የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍሰሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ የአፍሪካ ሜዳዎች ባዶ ይቀራሉ፣ ሊጎቹ ይሞታሉ የሚል ሥጋት ነበራቸው። ዛሬ ቅዳሜና እሑድ በአዲስ አበባ የዲኤስቲቪ ቤቶች ጢም ብለው ሞልተው የአገር ውስጥ ሊጋችን የተመልካች መቀመጫዎች ሲሳሱ ሳይ፣ እርሳቸው ያዩት ነገር ከሩቅ የታያቸው እንደነበር እመሰክራለሁ። ይህን ስናገር ግን ኬይታ በድብቅ መውጣቱም ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። ለ20 ዓመት ወጣት፣ ችሎታው የሚመዘንበትንና ኑሮው የሚሻሻልበትን ቦታ እየተመለከተ በአገር ፍቅር ስም ተቀመጥ ማለት ከባድ ነው።

የማሊ ብሔራዊ ቡድን በ1972 በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሶ በያውንዴ በኮንጎ 3 ለ 2 ተሸነፈ። በኬይታ ዘመን ማሊ ለዋንጫው ከዚህ በላይ አልቀረበችም።

የአቶ ይድነቃቸውና የኬይታ ሐሳብ የተገናኘው፣ በእኔ አመለካከት፣ ኬይታ መጫወት ካቆመ በኋላ ነው። ወደ ባማኮ ተመልሶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «የሳሊፍ ኬይታ ማዕከል» የተባለውን የእግር ኳስ ማሠልጠኛ አቋቋመ፤ በማሊ እንዲህ ዓይነት ማዕከል ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር። እሱ ራሱ በደጋፊ ደብዳቤና በድብቅ ጉዞ የሄደበትን መንገድ፣ ልጆች በአገራቸው ሠልጥነው፣ በስም ተመዝግበው፣ በውል እንዲሄዱበት አደረገው። ከዚያ ማዕከል ማሐማዱ ዲያራ ወጣ፤ ለሊዮንና ለሪያል ማድሪድ ተጫወተ። የወንድሙ ልጅ ሲሆን እዚያው ያደገው ሰይዱ ኬይታም በባርሴሎና ማሊያ የ2009 እና የ2011 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን አነሳ። ሰይዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ሺህ ጊዜ ጠርታችሁታል። አጎቱ ማን እንደነበር ግን ከእናንተ አፍ ስሰማ አላስታውስም። እርግጥ ነው፣ ማዕከሉም በመጨረሻ ተጫዋች ወደ ውጭ ልኳል፤ የአቶ ይድነቃቸው ሥጋት ሙሉ በሙሉ መልስ አግኝቷል አልልም። አንድ ሰው በእግሩ ያገኘውን መልሶ ባደገበት ከተማ ላይ ማፍሰሱ ግን ለክርክሩ ከቃል የበለጠ አስተዋፅኦ ነው። ከ2005 እስከ 2009 ድረስም የማሊ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። ያረፈው በሴፕቴምበር 2 ቀን 2023፣ እኔ በታክሲ ውስጥ ዜናውን ከመስማቴ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት በየዓመቱ ሲሰጥ የቀድሞ አሸናፊዎችን ዝርዝር ስታነቡ፣ ኮንፌዴሬሽኑ የራሱን ሽልማት መስጠት በጀመረበት በ1992 አትጀምሩ፤ ከ1970 ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ስም የኬይታ ይሁን። ስሙን ስትጠሩም ከድምፃዊው ለመለየት «እግር ኳሰኛው ሳሊፍ ኬይታ» በሉ፤ አንድ ቃል ጨምሮ መናገር ስህተቱን ያስቀረዋል። ከዚያም አንድ ሙሉ ዝግጅት ስጡት። የምትሠሩባቸው ምንጮች በአብዛኛው የእንግሊዝኛ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽና በፖርቱጋልኛ ተጽፎ ነው የሚገኘው፤ የተረሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ግን ፈረንሳይኛ አጣርቶ የሚያነብ ሰው ሞልቷል፤ በሊሴ ገብረ ማርያም የተማሩ፣ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ያጠኑ፣ በዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን የሚያስተምሩ አሉ። ብትጠሯቸው በደስታ የሚመጡ ይመስለኛል። በፓሪስ፣ በሊዮንና በማርሴይ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያንም የሴንት ኤቲየንን ሜዳ፣ የጆፍሯ ጊሻር ስታዲየምን፣ በቅርብ የምታገኙት እናንተ ናችሁ፤ ቢያንስ ኬይታን ሲጫወት ያዩ አዛውንት ደጋፊዎችን ድምፅ ቀርጻችሁ ለአገር ቤት ጣቢያዎች መላክ ትችላላችሁ። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸውና ብዙ ጊዜ የለንም።

እኔ በበኩሌ ለዓመታት ያሰባሰብሁት ማስታወሻ አለኝ፤ በእጅ የተጻፈ፣ በአንድ ሰማያዊ ክላሰር የታሰረ ነው። ዝግጅቱን ለሚሠራ ጣቢያ፣ የትኛውም ይሁን፣ ክላሰሩን ይዤ እመጣለሁ፤ ክፍያም ሆነ ስሜ እንዲጠራ አልፈልግም። ዝግጅቱ የሚተላለፍበት ሰዓት እሑድ ጠዋት፣ ታክሲዎች ሬዲዮ በሚከፍቱበት ጊዜ ቢሆንልኝ ግን ደስ ይለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ
የዘወትር አድማጫችሁ